ዱቄት አናት ላይ፦ የማሪ አንቷኔት ዘመን የፀጉር ቁልል ነውር ነበር ወይስ ሙያ?

የታሪክ ተማሪ፦
እስቲ በዚህ እንከራከር። ማሪ አንቷኔት በ1774 (በፈረንጅ) የፈረንሳይ ንግሥት ከሆነች በኋላ ፑፍ የሚሉት የፀጉር ቁልል ፋሽን ሆነ፣ ውስጡ ሱፍና የፈረስ ፀጉር ተጠቅጥቆ በሽቦ ተደግፎ በእንስሳ ስብ ተለስኖ ላዩ ላይ ከስንዴ የወጣ ስታርች ይነሰነስበታል። እናቷ ማሪያ ቴሬዛ እንኳን በ1775 በደብዳቤ «ቁመቱ 36 ኢንች ደረሰ ይላሉ» ብላ ተቆጥታታለች። በዛው ዓመት ነው እንግዲህ ፓሪስ ዙሪያ ሕዝቡ ዳቦ ተወዶበት ገበያና መጋዘን የዘረፈው፣ የዱቄት ጦርነት የተባለው። ሰው ጦሙን እያደረ እህል ፀጉር ላይ መነስነስ ለኔ ነውር ነው።

ፀጉር ሰሪዋ፦
ኧረ ተው ወንድሜ! ሴቶቹ ብቻ ናቸው እንዴ የነሰነሱት? ዳኛው በዊጉ፣ መኮንኑ፣ ወታደሩ ሳይቀር ፓውደር ነበረው፣ እነሱን የሚያነሳ የለም። ዳቦው የተወደደው የ1774 ምርት ስለተበላሸና ሚኒስትሩ ቱርጎ የእህል ንግዱን ከቁጥጥር ስለለቀቀው ነው። ሙያውን ደግሞ እይልኝ፣ ንጉሡ ፈንጣጣ ሲከተብ ሴቶቹ ፀሐይ፣ የወይራ ዛፍና እባብ ያለበት ፑፍ አሠርተው ወጡ፣ ሰው ክትባት በሚፈራበት ዘመን! እኔ አንድ ሹሩባ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ቆሜ ስለምውል ያ ሥራ ስንት እጅ እንደፈጀ ይገባኛል።

እናት ዓለም፦
እኔ የሚያሳዝነኝ ሴቶቹ ናቸው። ሠረገላ ውስጥ መቀመጥ አቅቷቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ይሄዱ ነበር፣ ሲበላቸው የሚያኩበት ረጅም ዘንግ ነበራቸው፣ ያ ስብ ለሳምንታት ሳይታጠብ ቆይቶ አስቡት እስቲ። እህል ባከነ ለሚለው ግን እኛም ለጋ ቅቤ አናታችን ላይ እናደርግ የለ? እናቴ ቅቤ ስታደርግልኝ ሻሹን ጥብቅ አድርጋ ታስርልኝና በግንባሬ የሚወርደውን በጣቷ ትጠርግልኝ ነበር፣ ያንን ማንም መጥቶ ብክነት ቢለኝ አልሰማውም።

የታሪክ ተማሪ፦
ወንዶቹን አለማንሳቴ ስህተት ነው፣ ተቀብያለሁ። የቅቤው ግን አይገናኝም እናቴ፣ ቅቤውን ደሃውም ሲያገኝ ይቀባዋል፣ ፑፍ ግን የቤተ መንግሥትና የሀብታም ነው፣ ሕዝቡን ያንገበገበው እሱ ነው።

ፀጉር ሰሪዋ፦
ያንገበግባል፣ አልካድኩም። ግን አገሪቱን ፀጉር አከሰራት ሲባል ነው ደሜ የሚፈላው። በ1788 ከመንግሥት ወጪ ግማሹን የበላው ዕዳ ነው፣ አብዛኛው የጦርነት ዕዳ፣ ቤተ መንግሥቱ ሙሉ ከመቶ 6 ገደማ። ደግሞ ንግሥቲቱ በ1781 ከወለደች በኋላ ፀጉሯ ስለረገፈ ፀጉሯን የሚሠራላት ሊዮናር አሳጠረላት፣ የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ያ ቁልል ከወረደ ቆይቷል። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ እሷ ላይ ነው።