የሩዝ ችግኝ ቅጠል ላይ ነጭ መስመር ወጣ፤ እንርጭ ወይስ እንተው?

ጥያቄ (ከፎገራ)፦ ልንነቅለው የደረሰው የሩዝ ችግኛችን ቅጠል ላይ፣ ርዝመቱን ተከትለው የሚወርዱ ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ። ጫፉም እየደረቀ ነው። እሾህ የለበሱ ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛዎችም አሉበት። ጎረቤታችን ዛሬውኑ ርጩ ይላል፤ አባቴ ግን ገንዘቡን ለማዳበሪያ ነው የያዘው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ (የሰብል ጥበቃ ባለሙያ)፦ ወንድሜ፣ አትቸኩሉ። ደረቅ ቦታ ያለበትን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥተህ ተመልከተው። በሁለቱ የቅጠል ሽፋኖች መካከል ጠፍጣፋ ትል ከታየህ፣ ሩዝ አጥቂው እሾሃማ ጥንዚዛ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ትሪኪስፓ ሴሪሲያ ይባላል። ጥንዚዛው ላዩን ይፍቃል፤ ነጩ መስመር የእርሱ ነው። እጩ (ያየኸው ትል፣ ገና ያላደገው ጥንዚዛ) ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት ቅጠል ውስጥ የተሸሸገውን እጭ እምብዛም አያገኘውም፤ እጩን የሚገድሉልንን ጥቃቅን ተርቦች ግን ይፈጃል።

መልስ (ሩዝ አምራች)፦ እንቁላሉን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጫፉ ነው። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት የችግኙን ጫፍ በማጭድ ቁረጡት። ዩሪያም አታብዙ፤ የለመለመ ቅጠል ይስበዋል።

መልስ (የሰብል ጥበቃ ባለሙያ)፦ በመቁረጡ እስማማለሁ፤ ግን አስቀድማችሁ መደቡን በደንብ ፈትሹ! ይህ ጥንዚዛ የሩዝ ቢጫ ዝንጉርጉር ቫይረስን ያስተላልፋል። ቫይረሱ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 በኬንያ ነው፤ የታመመ ተክል በቆረጠ ማጭድም ይጋባል። ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ፣ የቀጨጨ ችግኝ ካያችሁ ነቅላችሁ አስወግዱ እንጂ ማጭድ አታሳርፉበት። ከዚያ ማጭዱንም እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ማሳ ላይ አድጎ የበቀለውን ሩዝ ግን አትቁረጡ፤ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያገግማል፣ መቁረጡ ምርት ይቀንሳል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፀሐይ አየሁት፤ ትሉ አለ። የተዥጎረጎረ ችግኝ አላገኘሁም። የተቆረጠውን ጫፍ ድንበሩ ላይ ብንጥለውስ?

መልስ (ሩዝ አምራች)፦ አይሆንም። ውስጡ ሊወጣ የደረሰ ጥንዚዛ ይኖራል፤ ዕለቱን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ድንበሩ ላይ ያለውን የሣር አረምም አጽዱ፤ ሩዝ ሲጠፋ እዚያ ነው የሚጠለለው።