ጥቆማ፦ ዶሮዎቻችሁን ሸለምጥማጥ ለፈጀባችሁ

«ምን ዓይነት ሽቦ ልግዛ? የዶሮ ቤቱን ለማን ላሠራ?» የምትሉ ስለበዛችሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። እኔ ያለሁት ኮተቤ፣ ከጫካው ግርጌ ነው። ቀን ጭልፊት፣ ማታ ሸለምጥማጥ አይቀሩብንም። ጅቡ እንኳ ከአጥር ውጭ ጮኾ ይሄዳል፤ ከእሱ ጋር ተስማምተናል።

መጀመሪያ ኪሳራዬን ልናገር። አምና ለፋሲካ ካሰብኳቸው ስድስት ሳሶ የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች አምስቱ በአንድ ሌሊት አለቁ። ጠዋት ስከፍት አንዷ ብቻ ቆጡ ጥግ ተወሽቃለች። የቀሩት አንገታቸው ተነክሶ ተዘርረዋል፤ ሥጋቸው አልተነካም ማለት ይቻላል። የገባበትን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ለካ ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ቡጢዬን የምታሳልፍ ክፍተት አለች። ጠርዟ ላይ ግራጫ ፀጉር ተጣብቋል። ቤቱን የሠራልኝ በያጅ «እሷማ ለአየር ነው የተውኳት» አለኝ። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው አይቸግረውም፤ መውጣትም ይችልበታል።

ወደ ሽቦው። ያ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የተለመደ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም። ጉልበተኛ ውሻ በጥርሱ ይቦጭቀዋል። ቀን ለሚውሉበት ግቢ ይበቃል። ለማደሪያቸው ግን በየመገናኛው የተበየደውን፣ ቀዳዳው አንድ ሳንቲ ገደማ የሆነውን ግዙ። ይወደዳል፤ ግን መስኮትና አየር ማስገቢያ ላይ ብቻ ስለሚገባ ብዙ ሜትር አይፈልግም። እኔ ያገለገለ ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ስትገዙ ዝገቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከተፈረፈረ ተዉት።

ብየዳ ቤት ወይስ አናጢ? ብረቱ ይበረክታል፣ ክርክር የለውም። ግን ዙሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። እኔ ሁለተኛውን ያሠራሁት ለአናጢ ነው፣ በሞራሌና በጣውላ። እንጨቱ አፈር ከነካ ምስጥ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ እግሮቹን ድንጋይ ላይ አስቀምጡ። በቴሌግራም የሚሸጡት ዝግጁ ቤቶች ቀለማቸው ያምራል። ሁለት ሄጄ አይቻለሁ፤ የሁለቱም መቀርቀሪያ ድመት በእግሯ የምትከፍተው ነው። ከወደዳችኋቸው ሌላ መቀርቀሪያ አስበይዱና ጓጉንቸር ጨምሩበት።

ወለሉን ሊሾ ካደረጋችሁት የሚቆፍር አያሰጋችሁም። አቅም ከሌለ ሽቦውን ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጭ አንድ ክንድ ያህል አንጥፉና አፈርና ድንጋይ ጫኑበት። ቆፋሪው ግድግዳው ሥር ሲጀምር ሽቦ ያጋጥመዋል።

ለጭልፊት አሮጌ ሲዲ አንጠልጥሉ ይላሉ። አንጠለጠልኩ። ሁለት ሳምንት ፈራ። በሦስተኛው መጥቶ ከሚያብለጨልጨው ሲዲ ሥር ጫጩት አንስቶ ሄደ፣ ዓይኔ እያየ! ከዚያ በኋላ ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን አረንጓዴ የጥላ መረብ ከላይ ወጠርኩ፤ እስካሁን አንድም አልወሰደብኝም። ያ ካልተቻለ ጫጩቶቹ ላይ የሚደፋው የእናቶቻችን እንቅብ አለ። ወይም ከቀን ጫጩት ይልቅ የ45 ቀኑን ግዙ፣ ጭልፊት እንደ ትንሿ በቀላሉ አያነሳውም።

መርዝ አድርጉ የሚሏችሁን አትስሙ። የሚበላው የጎረቤት ውሻ ነው፤ ከዚያ ዶሮውም ጎረቤቱም የለም።

ዶሮ መምረጥስ? ሐበሻዋ ንቁ ናት፣ ኮሽ ሲል ዛፍ ላይ ነች። ሳሶ ግን ሥጋዋ ከብዷት ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ሳሶ ካላችሁ በሩን ሳይጨልም፣ 12 ሰዓት ሳያልፍ ዝጉ፣ ቁጠሯቸውም። እኔ ቤት ይህ የትንሹ ልጄ ሥራ ነው፤ አንዷ ከጎደለች ራት አይበላም።

የአናጢውን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ኮተቤና የካ አካባቢ ብቻ ነው የሚሠራው። ለአያትና ለሰሚት ሰዎች የሚሆን ጎበዝ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጣል አድርጉ፤ ሦስት ሰዎች ጠይቀውኛል።