በሀንግ ግላይደር ውድድር ቀድሞ የደረሰው ለምን አላሸነፈም?

ጠያቂ (ከአራት ኪሎ)
ክቡራን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በጣልያን ተራሮች ላይ የተካሄደ የሀንግ ግላይደር (አብራሪው ከሥሩ ተንጠልጥሎ የሚበርበት ሞተር አልባ ክንፍ) የረጅም ርቀት ውድድር በቪዲዮ ስመለከት ሁለት ነገሮች ግልጽ አልሆኑልኝም። አንደኛ፣ የመጨረሻውን መስመር ከሁሉ ቀድሞ ያለፈው አብራሪ በዕለቱ ውጤት ሁለተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ከተነሡ በኋላ ወደ ፊት ከመገስገስ ይልቅ ከመነሻው ተራራ በላይ ለረጅም ጊዜ አብረው ሲዞሩ ቆዩ። ውድድር ከሆነ የሚጠብቁት ምንድን ነው?

መልስ (ከካዛንቺስ)
ውድ ጠያቂ፣ ለሁለቱም ጥያቄዎችዎ መነሻው አንድ ነው፤ በዚህ ውድድር ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው አብራሪው ከመሬት ሲነሣ አይደለም። አዘጋጆቹ የዕለቱን መንገድ በጂፒኤስ ነጥቦች ይወስናሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ በካርታ ላይ የተሰመረ ክብ ሲሆን፣ አብራሪው እዚያ መድረሱ የሚረጋገጠው የያዘው መሣሪያ በመዘገበው ዱካ ነው። የመጀመሪያው ክብ እንደ መነሻ መስመር ያገለግላል። በብዙ ውድድሮች በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አዲስ የመነሻ ሰዓት ስለሚኖር፣ የአብራሪው ጊዜ የሚታሰበው መስመሩን ከማለፉ በፊት ከነበረው የመጨረሻ የመነሻ ሰዓት ጀምሮ ነው። ለምሳሌ ከቀኑ 7:00 የወጣ አብራሪ 9:10 ላይ ቢደርስ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይያዝበታል፤ 7:20 የወጣው 9:15 ላይ ቢደርስ ግን የፈጀበት 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ብቻ ነው።

ነጥብም በፍጥነት ብቻ አይሰጥም። የአንድ ቀን ከፍተኛ ነጥብ 1000 ሲሆን፣ ለተጓዙት ርቀት፣ ለፍጥነትና መንገዱን ለመምራት ይከፋፈላል። በመንገድ ላይ ያረፈ ሰው የርቀቱን ድርሻ ያገኛል፤ የፍጥነቱ ግን መጨረሻው ድረስ ለበረሩት ነው። አየሩ ደካማ ሆኖ አብዛኞቹ በቅርብ ካረፉ የቀኑ ጠቅላላ ነጥብ ራሱ ከ1000 በታች ይወርዳል። ዕድል ያመዘነበት ቀን የውድድሩን ጠቅላላ ውጤት እንዳያዛባ የሚከላከል በመሆኑ፣ በእኔ ግምት ከደንቦቹ ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

መልስ (ከፒያሳ)
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ስለ መጠበቁ ግን የአየሩን ጠባይ መጨመር ያስፈልጋል። ሞተር የሌለው ክንፍ ዘወትር ቁልቁል ይንሸራተታል። ዘመናዊ የውድድር ሀንግ ግላይደር በረጋ አየር 1 ሜትር ሲወርድ 15 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል፤ 2000 ሜትር ከፍታ ያለው አብራሪ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ አልፎ ለመሄድ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚነሣውን የአየር ዓምድ፣ ቴርማል የሚባለውን፣ አግኝቶ በውስጡ እየዞሩ መውጣት ግድ ይላል። በበጋ እኩለ ቀን በመስቀል አደባባይ ሰማይ ላይ ጭላቶች ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ከፍ የሚሉት በዚሁ አየር ነው።

ችግሩ ቴርማል በዓይን አለመታየቱ ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው እየፈለገ ጊዜ ያጠፋል፤ የሚከተሉት ደግሞ እርሱ የት ላይ ከፍ እንዳለ አይተው በቀጥታ ወደዚያ ያመራሉ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድም ቴርማሉ ስለሚበረታ፣ ዘግይቶ መውጣት ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

መልስ (ከለገሃር)
እንዲህ ከሆነ ደፋሩ ተቀጥቶ አድፋጩ ተሸለመ ማለት ነው። ይህ ለስፖርት የሚገባ አሠራር አይመስለኝም።

መልስ (ከካዛንቺስ)
ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ መንገዱን ለሚመሩ ነጥብ የተመደበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞም መጠበቅ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ በተራራ ላይ ከቀትር በኋላ ደመናው ወደ ነጎድጓድ ሊያድግና በረራው ሊቋረጥ፣ ወይም ፀሐይ ተጋርዳ ቴርማሉ ሊሞት ይችላል። ከዚህም በላይ ጥሩ አብራሪ የሚለየው በሁለት ቴርማሎች መካከል በሚመርጠው ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የዓለም የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ፖል ማክሪዲ እንዳስረዳው፣ ከፊት የሚጠብቅህ ቴርማል ብርቱ ከሆነ ከፍታ እየከፈልክም ቢሆን መፍጠን ይገባሃል፤ ደካማ ከሆነ ግን ቀስ ብለህ ከፍታህን ትቆጥባለህ። ይህን ግምት ከሌላ ሰው ጀርባ ሆኖ መኮረጅ አይቻልም።

ጠያቂ (ከአራት ኪሎ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከእንጦጦ ተነሥቶ ጃን ሜዳ ማረፍስ ይቻል ይሆን?

መልስ (ከፒያሳ)
በመጀመሪያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው ውስጥ ስለሆነ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከዚያ የእንጦጦ አናት ከ3000 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፉ እንዲያነሣዎት 16 በመቶ ያህል ፈጥነው መሮጥ ይኖርብዎታል፣ ያውም 30 ኪሎ ግራም የሚያህል ክንፍ ተሸክመው በባሕር ዛፉ መካከል ገላጣ ቁልቁለት ካገኙ ነው። ጃን ሜዳ ድረስ መንሸራተቱ ቁልቁል መውረድ ብቻ ስለሚሆን ከረጅም ርቀት በረራ አይቆጠርም። በቴርማል ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ መሻገር በረራ ይባላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ የሱሉልታ በኩል የተራራው ጀርባ ይሆናል፣ በተራራ ጀርባ ያለው አየርም ስለሚታመስ በቂ ከፍታ ሳይይዙ ጫፉን ማለፍ አይሞከርም።