የናፍታ መኪናዬ የጭስ ማጣሪያ መብራት በራብኝ፤ ጀርመን ያላችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ካሰል አካባቢ ነው የምኖረው። ከሰባት ወር በፊት ከአንድ ያገለገሉ መኪኖች ነጋዴ የጭስ ደረጃዋ ዩሮ 6 የሆነ የናፍታ መኪና ገዛሁ። ገንዘቡ የዕቁቤ ነው። የምሰራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ከቤቴ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። የጠዋት ተረኛ ስሆን በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ስለሌለ ነው የገዛኋት።

አሁን የሞተሩ ቢጫ መብራት በራ። መኪናዋም ጉልበት አጣች፣ ዳገት አልወጣ ትላለች። ጋራዥ ወሰድኳት። «ማጣሪያው ደፍኗል፣ አዲስ ይገባል፣ 2,900 ዩሮ» አሉኝ። አንድ የአገር ልጅ ደግሞ «በ500 ዩሮ ማጣሪያውን አውልቆ መብራቱንም በኮምፒውተር የሚያጠፋልሽ ሰው አለ፤ ዳግመኛ አያስቸግርሽም» አለኝ። ቲዩፍ የሚባለው የመኪና ብቃት ምርመራዬ ደርሷል። የቱ ይሻለኛል? ጀርመንኛዬ ለስራዬ ይበቃኛል፤ ከጋራዥ ጋር ለመከራከር ግን ያጥረኛል።

መልስ፣ ከኑረምበርግ

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም እንዳታደርጊ። ጋራዡንም አትዘዢ፣ ያንን ሰውዬም አትጥሪ። ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፤ ሳያስፈልጋቸው ብዙ ገንዘብ የከፈሉ የአገሬ ልጆችን ሳይ በጣም ነው የምናደደው።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ልንገርሽ፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። የገዛሽው ከነጋዴ ነው፣ ለግል መጠቀሚያሽ ነው። እንግዲያው በጀርመን ህግ ነጋዴው ላስረከበሽ ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው። ጌቬርላይስቱንግ የሚሉት ይሄን ነው፤ በተጨማሪ ክፍያ ከሚሸጡልሽ ጋራንቲ ጋር እንዳይምታታብሽ። ላገለገለ መኪና ነጋዴው ኃላፊነቱን በውል ወደ አንድ ዓመት ማሳጠር ይችላል፣ ከዚያ በታች ግን አይችልም። ከጥር 2022 ወዲህ በተገዛ መኪና ላይ ደግሞ ጉድለቱ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ከታየ፣ ስትረከቢው እንደነበረ ይቆጠራል። «አልነበረም» ካለ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። አንቺ ገና ሰባተኛ ወርሽ ላይ ነሽ።

አንድ ወጥመድ አለ። ለሻጩ ሳትነግሪ ሌላ ጋራዥ ካሰራሽ፣ ያወጣሽውን ገንዘብ ማስመለስ በጣም ይከብዳል። ህጉ መጀመሪያ ሻጩ ራሱ እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠው ይላል። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ተጨንቆ፣ ተበድሮ ያሰራና ደረሰኙን ይዞ ሲሄድ «ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» ይሉታል። በቃ፣ አለቀ።

ነጋዴው መቼም ዝም ብሎ እሺ አይልም። «ማጣሪያ በአጠቃቀም የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ አጭር መንገድ ብቻ እየነዳሽ የደፈንሽው አንቺ ነሽ» ሊል ይችላል። ይሄ ክርክር ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ለዚህ ነው ማጣሪያው ለምን እንደደፈነ ማወቅ ያለብሽ።

ማጣሪያው ከጭሱ ውስጥ ጥቀርሻውን ይይዛል። እየሞላ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ትርፍ ናፍታ እንዲረጭ ያደርግና የማጣሪያው ሙቀት 600 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ጥቀርሻው ተቃጥሎ ይጠፋል። ይሄ እንዲሆን ሞተሩ በደንብ መሞቅ አለበት፤ መኪናውም አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ሳይቆም ቢሄድ ነው የሚጨርሰው። በአንቺ መንገድ ማቃጠሉ ይጀመርና ይቋረጣል። በማግስቱም እንደዚያው። ያልተቃጠለው ናፍታ ደግሞ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ እዪ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነ፣ ናፍታ ናፍታም ከሸተተ፣ ዘይቱ ሳይቀየር እንዳትነጂ። ሞተሩ ሊበላ ይችላል።

ጥቀርሻ ይቃጠላል፤ አመድ ግን አይቃጠልም። አመዱ በአብዛኛው ከሞተር ዘይት የሚመጣ ነው፣ ዓመት ባለፈ ቁጥር ይጠራቀማል። በአመድ የሞላ ማጣሪያ ወይ ወጥቶ ይጸዳል ወይ ይቀየራል። በጥቀርሻ ብቻ የሞላ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጋራዡ በኮምፒውተር አዝዞ ሊያቃጥለው ይችላል። አመድ ይሁን ጥቀርሻ ለይተው ነግረውሻል? ካልነገሩሽ 2,900ው ግምት ነው።

እኔ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የግፊት ሴንሰሩን ነው። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው ወደ አንድ ትንሽ ሴንሰር ይገባሉ። ሴንሰሩ የሚለካው የሁለቱን የግፊት ልዩነት ነው። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ብቻ ከፍቼ ቁጥሩን አነባለሁ። ሞተር ከጠፋ የሚያልፍ ጭስ ስለሌለ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ራቅ ያለ ቁጥር ካሳየ ሴንሰሩ አይታመንም። ቀጥዬ ቱቦዎቹን በእጄ አጠፍ አጠፍ እያደረግኩ አያለሁ። ጎማው በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቆ ወይም ውስጡ በጥቀርሻ ተዘግቶ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው ቁጥር የተሳሳተ ነው። የቱቦው ዋጋ ከማጣሪያው ጋር ለንጽጽርም አይቀርብም።

ቀጥሎ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው። ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም፣ ማቃጠሉም አይጀመርም። ረጅም መንገድ ነድተሽም የሙቀት መለኪያው መሃል ካልደረሰ ጠርጥሪ። ከዚያ ኢጂአር የሚሉት ጭስ የሚመልሰው ቫልቭ አለ። ተጣብቆ ክፍት ሲቀር ሞተሩ ጥቀርሻ ያበዛል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም (ናፍታ መርጫው) እንደዚያው። እነዚህ ሳይታዩ አዲስ ማጣሪያ ቢገጠም አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይደፍናል። ደግሞም ልብ በዪ፣ ጥፋቱ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ነጋዴው «አጭር መንገድ ስለነዳሽ ነው» ብሎ መከራከር ይቸግረዋል።

ስለዚህ ጋራዡ ያነበበውን የስህተት ኮድ በወረቀት ተቀበዪ። «ፌለርሽፓይሸር አውስድሩከን፣ ቢተ» ብትያቸው ይገባቸዋል። ፒ2463 ጥቀርሻ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ፒ2002 ማጣሪያው በአግባቡ እያጣራ አይደለም ይላል። ፒ0401 የኢጂአር ፍሰት አንሷል፤ ፒ20ኢኢ አድብሉ በሚባለው ፈሳሽ የሚሰራው የጭስ ማጽጃ ስራውን እየሰራ አይደለም። ኮዱ ችግሩ የታየበትን ቦታ ነው የሚጠቁመው። መንስኤውን የሚያገኘው የሚለካ መካኒክ ነው። መንስኤው ላይ ሳይደርስ ዕቃ ልቀይር የሚል ጋራዥ ካጋጠመሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ።

መኪናዋ አሁን ጉልበት ካጣች «አውቶባን ላይ ወጥተሽ ርገጪያት» የሚልሽን አትስሚ። ያ ምክር የሚሰራው የማጣሪያው መብራት መጀመሪያ እንደበራ ነው። ጉልበት ከቀነሰ በኋላ ብዙ መኪኖች ማቃጠሉን ራሳቸው ያግዱታል።

ስለ ማውለቁ ደግሞ ግልጹን ልንገርሽ። ማጣሪያውን ማውለቅ ህገ ወጥ ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ የምትሄድበት ፈቃድ ይሰረዛል፤ አደጋ ቢደርስብሽ ከኢንሹራንሱ ጋር ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ የግብሩም ነገር አለ። ድሮ በምርመራ ላይ የሚያልፉ ነበሩ ይሆናል። ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን የዩሮ 6 ናፍታ መኪና ጭስ ውስጥ ያለው ብናኝ በመሳሪያ ይቆጠራል። ጣሪያው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 250,000 ነው። ማጣሪያ የሌለው መኪና ሚሊዮኖች ውስጥ ይገባል። 500 ዩሮሽን ከፍለሽ፣ ቲዩፍ ላይ ወድቀሽ፣ መልሰሽ አዲስ ማጣሪያ ልትገዢ ነው። ጭሱንም እኮ የሚተነፍሱት የሰፈሩ ልጆች ናቸው።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

ልጄ፣ የኑረምበርጉ ወንድማችን በደንብ ነግሮሻል፤ እኔ ትንሽ ልጨምር። ታክሲ ስነዳ ኖሬያለሁ፣ ሁሌም በናፍታ።

መኪና በንግድ ስም፣ በጌቬርበ የምትገዙ ልጆች ተጠንቀቁ። ለነጋዴ የሚሸጥ ነጋዴ ኃላፊነቱን በውል ሙሉ ለሙሉ ማስቀረት ይችላል። ዕቃ አመላላሽ ሆነው፣ ታክሲ ጀምረው፣ «ለግብር ይጠቅመኛል» ብለው በድርጅት ስም ፈርመው የገዙና በሁለተኛው ወር ብቻቸውን የቀሩ አውቃለሁ። ለግል ገዢም ቢሆን ነጋዴው ውሉ ላይ እሱ ወኪል ብቻ እንደሆነና ሻጩ ሌላ ግለሰብ እንደሆነ ከጻፈ ጠይቁ። ግለሰብ ኃላፊነቱን ማስቀረት ስለሚችል ነው እንደዚያ የሚጽፉት።

ሁለተኛው አድብሉ ነው። በሱ የደረሰ ጉዳት ከማጣሪያው ቢብስ እንጂ አያንስም። 32.5 በመቶው ዩሪያ ነው፣ የቀረው የተጣራ ውሃ። ጭሱ ላይ ሲረጭ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይቀይረዋል። ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ስለሚረጋ ታንኩ ውስጥ ማሞቂያ አለው። ሲደርቅ ነጭ ጨው መስሎ ይጋገርና መርጫውን ይደፍናል። መኪናው «ይህን ያህል ኪሎሜትር ቀርቶሃል» ብሎ መቁጠር ከጀመረ በቀልድ አትዩት። እየነዳችሁ አያቆምም፤ ቁጥሩ አልቆ ካጠፋችሁት ግን አይነሳም። ሞልታችሁትም መቁጠሩን ካላቆመ ወይ ሴንሰሩ ወይ ፓምፑ ነው። በአንዳንድ መኪና ፓምፑ ከታንኩ ጋር አንድ ላይ ካልሆነ አይሸጥም፤ ሂሳቡ ሺህ ዩሮ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ስትገዙ አይኤስኦ 22241 የሚል ጽሑፍ ያለበትን እዩ። ሰማያዊ ክዳን ባለው ነው የሚሞላው። በስህተት ናፍታው ውስጥ ከጨመራችሁት ሞተሩን አታስነሱ፣ ቁልፉንም አትክፈቱ፤ አስጎትቱት።

ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ጉድለት ተገኝቶበት ለጥገና በፋብሪካው የተጠራ እንደሆነ አጣሩ። ክራፍትፋርት-ቡንደስአምት የሚባለው የጀርመን የተሽከርካሪ መስሪያ ቤት የተጠሩ መኪኖችን ዝርዝር በነጻ ያሳያል። ለምሳሌ በ2018 ቢኤምደብሊው አውሮፓ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የናፍታ መኪኖችን በኢጂአር ማቀዝቀዣው ምክንያት ጠርቷል፤ ፈሳሹ ሾልኮ እሳት ሊያስነሳ ይችል ነበር። በእንዲህ ያለ ጥሪ የሚሰራ ስራ አይከፈልበትም።

«ካልሆነ ወደ አገር ቤት እልካታለሁ» የምትሉም አላችሁ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሰሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ይሄን ሳያውቁ መኪና ገዝተው ጋራዥ ያቆሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አንቺም ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲያልቅ ሽጠሽ ቤንዚን ያዢ። ለአስር ደቂቃ መንገድ ናፍታ አይሆንም። በዓመታዊው ግብር ብቻ ለእያንዳንዱ 100 ሲሲ ናፍታው 9.50 ዩሮ ነው፣ ቤንዚኑ 2 ዩሮ። ባለ 2000 ሲሲ ከሆነ 190 ለ40 ማለት ነው፤ በካርቦኑ የሚጨመረው ሳይቆጠር። ብዙ ኪሎሜትር ለማይነዳ ሰው ይሄ ገንዘብ ከየት ይመለሳል?

የጠያቂዋ መልስ

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሉን አወጣሁት። በግል ስሜ ነው፣ ሻጩም ራሱ ነጋዴው ነው፤ አንድ ዓመት ይላል። ስደውልለት «ጋራንቲ አልገዛሽም፣ አይመለከተኝም» ብሎ ዘጋብኝ። አሁን ምን ልበለው?

መልስ፣ ከኑረምበርግ

ከእንግዲህ በስልክ አታናግሪው፤ በጽሑፍ ብቻ። አይንሽራይበን (የአደራ ደብዳቤ) አድርገሽ በፖስታ ላኪ፣ ቅጂውን በኢሜይልም። የገዛሽበትን ቀን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የኪሎሜትሩን ንባብ፣ መብራቱ የበራበትን ቀንና ኮዱን ጻፊ። የዳሽቦርዱን ፎቶ አያይዢ። ስለ መንስኤው ምንም ግምት አትጻፊ። በጌቬርላይስቱንግ መሰረት እንዲያስተካክልልሽ ጠይቂና ቀን ቁረጪለት፤ ሁለት ሳምንት ጥሩ ነው። «ጋራንቲ» የሚለውን ቃል ደብዳቤው ውስጥ አታስገቢ፣ እሱን ይዞ ነው የሚያመልጥሽ። ለጥገናው መኪናዋን ማጓጓዝም የሻጩ ወጪ ነው።

ዝም ካለ ወይም እምቢ ካለ በከተማሽ ያለውን የሸማቾች ምክር ቢሮ፣ ፈርብራውኸርሴንትራለን አናግሪ፤ በትንሽ ክፍያ የህግ ምክር ይሰጣሉ። ነጋዴው የመኪና ሙያተኞች ማህበሩ፣ የኢኑንጉ አባል ከሆነ ደግሞ ሺድስሽቴለ የሚባለው አስታራቂ ጉዳዩን ላንቺ በነጻ ያይልሻል። የአባልነቱ ምልክት ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሬሽትስሹትስ የሚባለው የህግ ኢንሹራንስ ካለሽም ውሉን እዪው፣ ጠበቃውን ሊሸፍን ይችላል።

ቲዩፉን አትፍሪው። መብራቱ እንደበራ ከሄድሽ ይጥሉሻል፣ ግን አስተካክለሽ ለመመለስ አንድ ወር ይሰጡሻል። ቀኑ ሁለት ወር እስኪያልፍ ፖሊስም ቅጣት አይጽፍብሽም፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ካለፈ ቅጣቱ 15 ዩሮ ነው። የደብዳቤውን ረቂቅ ነገ ማታ እዚህ ላኪልኝ፣ ጀርመንኛውን አብረን እናየዋለን።