ሁለቱም ፕለጊን ገዝል ይዞ ሲመጣ፦ ላይብረሪውን ላጋራ ወይስ ልለይ?

አዲስ_ዴቭ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ የዎርድፕሬስ ሳይት ላይ ሁለት ፕለጊን ጽፌያለሁ፤ አንዱ ክፍያ ይቀበላል፣ ሌላው ደረሰኙን ወደ ሂሳብ ሲስተም ይልካል። የክፍያው ገዝል 6ን፣ የደረሰኙ ገዝል 7ን በኮምፖዘር ይዘዋል (ገዝል ወደ ሌላ ሰርቨር ጥያቄ የሚልክ የፒኤችፒ ላይብረሪ ነው፣ ኮምፖዘር ላይብረሪ የሚያስገባ መሣሪያ)። ለየብቻ ሲበሩ ደህና ናቸው። አብረው ሲበሩ ግን የባንኩ ሰርቨር ባልተገናኘ ቁጥር የክፍያው ትራይ ካች (ስህተት የሚይዘው ኮድ) ስህተቱን ሳይዘው ያልፍና ገጹ በፌታል ኤረር ይቆማል። «ክላሱ ካለ ዝለለው» የሚል ቼክ ባስገባ ይበቃኛል?

ቀለም_ቢት፦
አይበቃም ወንድሜ። ፒኤችፒ በአንድ ሪኩዌስት ውስጥ አንድ ሙሉ የክላስ ስም የሚቀበለው አንዴ ብቻ ነው። ቼኩ ድርብ ጭነትን ይከለክላል እንጂ የትኛው ቨርዥን እንደሚያሸንፍ አይወስንም። የኮምፖዘር ኦቶሎደር (ክላስ ሲፈለግ ፋይሉን የሚጭነው ኮድ) ካልከለከልከው በስተቀር ራሱን ከሰልፉ ፊት ያስገባል፤ ስለዚህ ኋላ የተጫነው ፕለጊን ቀድሞ ይጠየቃል። ዎርድፕሬስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፎልደር ስም ፊደል ተራ ነው የሚጭነው፤ የፎልደር ስም መቀየር ብቻውን አሸናፊውን ሊለውጥ ይችላል።

ያንተ ስህተት እዚህ ጋ ነው፦ በገዝል 6 ኮኔክት ኤክሴፕሽን (ሰርቨሩ ሳይገናኝ ሲቀር የሚነሳው የስህተት ክላስ) የሪኩዌስት ኤክሴፕሽን ልጅ ነበር። በ7 ከትራንስፈር ኤክሴፕሽን ስር ገባ። ኮድህ ሪኩዌስት ኤክሴፕሽንን ብቻ ከጠበቀ ያመልጠዋል።

የላይብረሪ ክላሶችን ስም የሚቀይሩትን ስትራውስን ወይም ፒኤችፒ ስኮፐርን ተጠቀም። ለእያንዳንዱ ፕለጊን የራሱን የኔምስፔስ (የክላስ ሙሉ ስም መነሻ ክፍል) ቅድመ ቅጥያ ስጠው፣ ከኮምፖዘር ኢንስቶል በኋላ አስሂደው፣ ኮድህ የሚጠራቸውን ስሞች ወደ አዲሶቹ ቀይር፣ ኦቶሎደሩንም ከአዲሱ ፎልደር ጥራ። ዚፑን ከማውጣትህ በፊት ዋናውን የገዝል ኔምስፔስ ፈልግበት፤ በስትሪንግ የተጻፉ የክላስ ስሞች ሳይቀየሩ ሊቀሩ ይችላሉ።

ዘ_ሰርቨር፦
ለገዝል እስማማለሁ፤ ለሁሉም ላይብረሪ ግን አይሆንም። አክሽን ስኬጁለርን (ሥራዎችን በወረፋ የሚያስኬድ ላይብረሪ) እንዲህ ብትለየው ሁለት ኮፒ አንድ የዳታቤዝ ወረፋ ላይ ይሻማሉ። እሱ የተሠራው ለመጋራት ነው፦ እያንዳንዱ ኮፒ ፕለጊንስ ሎድድ ሁክ (ፕለጊኖች ተጭነው ሲያበቁ ኮድ የሚጠራበት ቦታ) ላይ በፕራዮሪቲ (በተራ ቁጥር) 0 ቨርዥኑን ያስመዘግባል፣ በ1 ላይ ከተመዘገቡት አዲሱ ብቻ ይነሳል። ይህ የሚያዋጣው አዲሱ ቨርዥን ለአሮጌው ጥሪ ታማኝ ሆኖ ከቆየ ብቻ ነው፤ ገዝል በ6 እና በ7 መካከል ያንን አልጠበቀም።

ሁለቱም ፕለጊን ያንተ ስለሆኑ ሌላም መንገድ አለ። የክፍያውን ወደ 7 አሳድገው፣ ገዝልን በሦስተኛ ፕለጊን አስቀምጥ፣ ሁለቱም ከዎርድፕሬስ 6.5 ጀምሮ ባለው «ሪኳየርስ ፕለጊንስ» ሄደር (በፕለጊኑ ፋይል አናት ላይ በሚጻፍ መስመር) ይጥሩት። ሄደሩ ቨርዥን አይፈትሽም፤ እሱን በኮድህ አረጋግጥ።

አዲስ_ዴቭ፦
ገባኝ፣ ክፍያውን ወደ 7 አሳድጌ ሦስተኛውን እሠራለሁ። ሴሌክት2ስ (የምርጫ ሳጥን የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ)? ሁለቱም ያመጡታል።

ቀለም_ቢት፦
ጃቫስክሪፕት ላይ ሕጉ የተለየ ነው። ሃንድሉ (ስክሪፕቱ በዎርድፕሬስ የሚመዘገብበት ስም) አንድ ከሆነ ቀድሞ የተመዘገበው ይጸናል፣ የሁለተኛው ምዝገባ ያለ ማስጠንቀቂያ ፎልስ ይመልሳል። ሃንድሉ ከተለያየ ሁለቱም ይጫኑና ሊጋጩ ይችላሉ።  አንተ በጋራው ፕለጊን አንድ ሃንድል አስመዝግብና ሁለቱም እንደ ዲፔንደንሲ ይጥሩት። ጄኩዌሪን ግን በጭራሽ ይዘህ አትምጣ፤ ዎርድፕሬስ ራሱ አለው።