ለጉዞ የሚሆን ርካሽ የዳይቪንግ ጃኬት፦ ያገለገለውን ልግዛ ወይስ ቀላሉን አዲስ?

የደብረ ብርሃኑ ትራንዚተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሥራዬ ግን ግማሹ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። አምና እዚያው ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ተማርኩና የመጀመሪያውን ሰርተፍኬት ያዝኩ። እስካሁን 14 ጊዜ ጠልቄያለሁ፣ ሁሌም በኪራይ ጃኬት (አየር እየሞላህና እያስወጣህ ውሃ ውስጥ መንሳፈፍህን የምታስተካክልበት ነው)። ባለፈው የሰጡኝ ግን አስደነገጠኝ። 12 ሜትር ላይ ሆኜ ትንሽ አየር ልጨምር ብዬ የመንፊያውን ቁልፍ ስጫነው እዚያው ተጣብቆ ቀረ፤ ጃኬቱ እየተነፋ ሽቅብ ይጎትተኝ ጀመር። አስተማሪዬ ደርሶ የአየር ቱቦውን ነቀለልኝ። ከዚያ ወዲህ የራሴ ጃኬት ካልሆነ አልገባም ብያለሁ።

ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ የሚሸጠው ያገለገለ ነው፣ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። ሌላው የአክስቴ ልጅ ከዱባይ የምታመጣልኝ ክሬሲ ትራቭላይት የሚባል ለጉዞ የተሠራ አዲስ ጃኬት ነው። እሱ ከ3 ኪሎ በታች ነው፤ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ። በኅዳር ጅቡቲ ያለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ማየት እፈልጋለሁ፣ ብሬ ደግሞ ውስን ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። እኔ ግብፅ፣ ሁርጋዳ የዳይቪንግ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው፣ በቀን ስንት ጃኬት አጥቤ እንደምሰቅል አልነግርህም። ከኪሎው በፊት ልኩን እይ። ልበሰውና ጥግ ድረስ ንፋው። ደረትህን ጨምቆ ትንፋሽ ካሳጠረህ ጠቦሃል። ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ጆሮህ ጋ ከደረሰ ደግሞ ሰፍቶሃል፣ ውሃ ላይም እንደዚያው ነው የሚሆነው። የማንሳት አቅሙ አያስጨንቅህ። በሞቃት ባሕር፣ በስስ ልብስና በአንድ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ከ10 እስከ 12 ኪሎ የሚያነሳ ይበቃሃል።

ያገለገለውን እንደ ጎሚስታ ፈትሸው። ነፍተህ አሳድረው። ቫልቮቹና ስፌቱ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ፣ አረፋ የሠራበት ቦታ ያስተነፍሳል ማለት ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ግን አትርሳ! ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ራሱ ስለሚኮማተር ምንም ሳይቀደድም ትንሽ ሊለሰልስ ይችላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አሳድረው። የመንፊያውን ቁልፍ ደግሞ ከሲሊንደር ጋር አገናኝተህ ሃያ ጊዜ ተጫነው። ስትለቀው ወዲያው ካልተመለሰ ውስጡ ጨው ወይም አሸዋ አለ። ያ ክፍል ለብቻው ይቀየራል፣ ሻጩ ግን ዋጋ ይቀንስልህ። ከጠለቅክ በኋላ ውስጡንም በንጹህ ውሃ እጠበው። አንተን ያስደነገጠህ ጃኬት ሳይታጠብ የከረመ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር። ይህ ጃኬት የነፍስ አድን ጃኬት አይደለም። ራስህን ብትስት ፊትህን ወደ ሰማይ አዙሮ ይይዝልኛል ብለህ አትተማመንበት።

ጣርማበር፦
ወዳጄ፣ እኔ ስድስት ዓመት ጅቡቲ ጠልቄያለሁ። የምትሄደው በመኪና ከሆነ ለአንድ ኪሎ ልዩነት እጥፍ አትክፈል። በአውሮፕላን፣ በ23 ኪሎ ሻንጣ ለሚሄድ ሰው ቀላሉ ጃኬት ዋጋ አለው፤ ላንተ ግን ያገለገለው ፈተናውን ካለፈ ይበቃሃል። በተረፈው ብር የዳይቪንግ ኮምፒውተር (ጥልቀትህንና የቆየህበትን ጊዜ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ግዛ።

ከጃኬቱ በላይ የሚያሳስበኝ የመልስ መንገድህ ነው። ጥልቀት ውስጥ ሰውነትህ ናይትሮጅን ይሰበስባል። ከውሃው ወይም ወደ ከፍታ ስትወጣ ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ሆኖ ይጎዳሃል። ከበረራ በፊት ለአንድ ጠለቃ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ጠለቃ 18 ሰዓት ጠብቅ የሚለው መመሪያ የሚሠራው እስከ 2400 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም በዚያ ከፍታ ካለው ብዙም አያንስም። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ያልፋል፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3000 በላይ ነው። ከሸዋሮቢት ቆላ ተነስተህ ደብረ ሲናን አልፈህ ዳገቱን ስትወጣ ጆሮህ ሲዘጋ ታውቀው የለ? እኔ ከ24 ሰዓት በላይ ሳልቆይ ያንን ዳገት ወጥቼው አላውቅም። ባሕሩን አስቀድም፣ የወደብ ወረቀትህን ለመጨረሻው ቀን አቆየው። ስትመለስም ሠመራ እደር፣ ቆላ ነው።

የደብረ ብርሃኑ ትራንዚተር፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የከፍታውን ነገር ኮርሱ ላይ ሰምቼው ነበር፤ ስለ አውሮፕላን ብቻ መስሎኝ እንጂ ስለ ጣርማበር አስቤው አላውቅም። ባለፈው ጠዋት ጠልቄ ማታውኑ ነው መንገድ የጀመርኩት።

ያገለገለውን ተቀብዬ ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነፋሁትና መኝታ ቤት ሰቀልኩት። ሌሊቱን ሁለቴ ተነስቼ ዳበስኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በጣም ላልቷል፣ በብርድ ብቻ የሚሆን አይደለም። የመሐል ሜዳዋ እህቴ፣ እንዳልሽው ሳሙና ስቀባ የግራ ትከሻው ቫልቭ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተንጨረጨረ። ቫልቩ በእጅ የሚፈታ ነው። ፈታሁት፣ ጎማው ሥር ሁለት የአሸዋ ፍሬ ተቀምጧል። አጥቤ መለስኩት። ልኩ ልክክ ብሎልኛል። ዛሬም ነፍቼ አሳድረዋለሁ፤ ካደረ ቁልፉን ጅቡቲ ሲሊንደር ላይ ሞክሬ ነው የምከፍለው፣ ጓደኛዬም በዚህ ተስማምቷል።