የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢነሳ ቅሬያችን (ዕድራችን) ምን ያድርግ?

ጥያቄ፣ ከባቲ፦
የቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ብርቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢነሳ የለቅሶ ድንኳናችን ራሱ በሽታውን እንዳያዛምት እሰጋለሁ፤ በሰኞ ገበያችንም ከቆላውና ከደጋው የሚመጣው ሕዝብ ተገፋፍቶ ነው የሚገበያየው። መንግሥት ክትባት እስኪያመጣ መጠበቁ ይበቃል ትላላችሁ?

መልስ፣ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ አይበቃም። ለአዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ የሚሆን ክትባት ለማዘጋጀት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ በሽታው ግን ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ያህል አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. የአሳማ ጉንፋን የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ሲያውጅ ቫይረሱ ከታወቀ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር። የቅሬው መዝገብ በእጃችሁ ስላለ፣ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የአስም ሕመምተኞችን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ከአሁኑ ለዩ።

መልስ፣ ከሐይቅ፦
እህታችን ባለችው ላይ ልጨምር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገሪቱን ሲመታ እንደ ጤና ኤክስቴንሽን ያለ መዋቅር አልነበረም፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው ያን እልቂት እያስታወስን ቢሆንም፣ ጭሱ ቫይረሱን አይከላከልም። በኮቪድ ጊዜ በእኛ ቅሬ ማስታወቂያው ብቻውን ሰሚ አላገኘም ነበር። ሽማግሌዎቹ መጨባበጡን ትተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ መስጠት ሲጀምሩ ግን ሌላው ተከተለ፤ የድንኳኑም ጎን ተገልጦ አየር እንዲገባ ተደረገ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። መዝገቡን ይዤ ነገ ጤና ኬላ እሄዳለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም አስቀድሜ አማክራለሁ።